የወላጆቻችን ጉልበትና የመርፌው ተስፋ

አማርኛ ለሰው ብርታትና ጭንን ከቅልጥም ጋር ለሚያያይዘው አንጓ አንድ ስም ሰጥቷል፤ ሁለቱንም «ጉልበት» ይላቸዋል። ስሙ ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። ገበሬው ከበሬው ኋላ የሚውለው፣ እናት ውኃ የሞላ እንስራ አዝላ አቀበቱን የምትወጣው፣ ወታደሩ ተንበርክኮ የሚያነጣጥረው፣ ምእመኑ ለስግደት የሚወድቀውና የሚነሣው በዚሁ አንጓ ነው። ሙሽሮች በስንብት ዕለት ጎንበስ ብለው የሚስሙትም የወላጆቻቸውን ጉልበት ነው። ስለሆነም አንዲት እናት በስተርጅና «ጉልበቴ ከዳኝ» ስትል የምትነግረን ስለ አንድ የአካል ክፍል ብቻ አይደለም፤ ከገበያው፣ ከለቅሶው፣ ከዕድሩና ከጎረቤት ደጅ እየራቀች መሄዷን ጭምር ነው።

በዛሬው ጊዜ ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ተስፋ ከአገር አገር ሲናፈስ ይሰማል። ይኸውም ያረጀ ጉልበት በልዩ መርፌ እንደገና ይታደሳል፣ የሳሳው ልም አጥንት ተመልሶ ይበቅላል የሚለው ነው። ይህ ዓይነቱ ሕክምና በጥቅሉ «መልሶ የማብቀል ሕክምና» ሊባል ይችላል። በብዙ አገሮች የግል ክሊኒኮች በማስታወቂያ ያውጁታል፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ወላጁን የሚወድ ልጅ ይህን ሲሰማ በሬ ለመሸጥ፣ የዕቁብ ዕጣውን ለማስቀደም ወይም ከዘመድ ለመበደር ቢነሣ አያስደንቅም። በደመወዝ ለሚተዳደር የወታደር ቤተሰብ ግን እንዲህ ያለው ውሳኔ የልጆችን የትምህርት ወጪና የቤቱን ቀለብ የሚነካ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄው በግልጽ ሊነሣና ሊመለስ ይገባዋል። ለመሆኑ ያረጀ ጉልበት በመርፌ ይታደሳልን? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ልም አጥንት ምንድን ነው?

ዶሮ ስትበልት ታፋውን ከቅልጥሙ የለየች እመቤት ልም አጥንትን በዓይኗ አይታዋለች። በአጥንቱ ጫፍ ላይ ተለብጦ የሚታየው፣ ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቀውና እንደ ታጠበ ሳህን የሚያሟልጨው ሽፋን እርሱ ነው። ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል። በሰው ጉልበት ውስጥ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከክብደቱ የሚበዛው ውኃ ነው፤ ስንቆም ይጨመቃል፣ ስናርፍ ውኃውን መልሶ ይስባል። በዚህ አሠራሩ አጥንት ከአጥንት ሳይፋተግ ጉልበታችን ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይኖራል።

ይሁን እንጂ ይህ ድንቅ ሽፋን አንድ ትልቅ ድክመት አለበት። ቆዳ ሲቆረጥ ደም ይፈሳል፤ ደሙም ጠጋኝ ሕዋሳትን ይዞ ይመጣል፤ ቁስሉም ይሽራል። ልም አጥንት ግን የደም ሥር የለውም። በውስጡ ያሉት ሕዋሳትም እጅግ ጥቂትና ተበታትነው የሚኖሩ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሐንተር ስለ መገጣጠሚያ ልም አጥንት በ1743 በለንደን ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህ አካል አንድ ጊዜ ከጠፋ ተመልሶ እንደማይተካ ገልጾ ነበር። ያ ቃል እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ የሐኪሞች ፈተና ሆኖ ቆይቷል።

ነገሩን በቅርቡ ያጠናከረ አንድ አስገራሚ ምርምር አለ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኃያላን መንግሥታት በአየር ላይ ያፈነዷቸው የኑክሌር ቦምቦች በከባቢ አየር ውስጥ ልዩ ዓይነት ካርቦን አብዝተው ነበር። ይህ ካርቦን በምግብ አማካይነት ወደ ሰው አካል ይገባና አካሉ የተሠራበትን ዘመን የሚመሰክር ማኅተም ሆኖ ይቀራል። በዴንማርክ የተካሄደና በ2016 የወጣ ጥናት ይህን ማኅተም ተከትሎ የጉልበት ልም አጥንትን መረመረ። የልም አጥንቱ ማገር የሆነው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን በልጅነትና በወጣትነት ከተሠራ በኋላ በጎልማሳነት ዕድሜ አይታደስም ሊባል በሚያስችል ደረጃ ባለበት እንደሚቆይ ተደረሰበት። በሌላ አነጋገር የ70 ዓመት አዛውንት ዛሬ የሚራመዱት በወጣትነታቸው በተሠራ ማገር ነው።

ይህ ማገር ሲጎዳ፣ ልም አጥንቱ ሲሳሳ፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ሲጠጥርና የመገጣጠሚያው ሽፋን ሲቆጣ ኦስቲዮአርትራይተስ የተባለው ሕመም ይከሰታል። በተለምዶ ቁርጥማት እያልን ከምንጠራቸው ሕመሞች አንዱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከመቶ 73ቱ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ሲሆን፣ ከመቶ 60ዎቹ ሴቶች ናቸው። ከሁሉም አብልጦ የሚያጠቃውም ጉልበትን ነው።

የጎተንበርግ ሐኪሞች ሙከራ

የሐንተርን ቃል ለመስበር ከተደረጉት ጥረቶች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ የተፈጸመው ነው። ላርስ ፒተርሰን፣ ማትስ ብሪትበርግና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከ1987 ጀምሮ አንድ አዲስ ዘዴ በሰው ላይ ሞከሩ። ከበሽተኛው ጉልበት ጤናማው ክፍል ትንሽ ልም አጥንት ይቆርጣሉ፤ ሕዋሳቱን በቤተ ሙከራ ያራባሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ጉልበቱን ከፍተው የተራቡትን ሕዋሳት በተጎዳው ቦታ ላይ ይተክላሉ። ገበሬ ችግኝ አፍልቶ በተራቆተ መሬት ላይ እንደሚተክለው ያለ ነው።

ውጤቱ በ1994 ሲታተም ዓለም ተደነቀ። ከታከሙት 23 ሰዎች መካከል በ16ቱ ላይ ጉዳቱ የደረሰው በጭን አጥንት ጫፍ ነበር፤ ከእነዚህም 14ቱ ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ውጤት አገኙ። ጉዳቱ በሎሚ አጥንታቸው ላይ ከነበረው 7 ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ውጤት ያገኙት 2 ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። የታከሙት ሰዎች ዕድሜ ከ14 እስከ 48 ዓመት ነበር። ጉዳታቸውም ዙሪያው ጤናማ የሆነ ጉድጓድ ነበር እንጂ ጉልበታቸው በሙሉ የተጎሳቆለ አልነበረም። ከዚህ ዘዴ ተሻሽሎ የመጣውና በ2016 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ማሲ የተባለው ሕክምናም ቢሆን፣ ከ55 ዓመት ዕድሜ በላይ ላሉ ሰዎች ጥቅሙና ደኅንነቱ እንዳልተረጋገጠ በራሱ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ችግኝ የሚጸድቀው መሬቱ ደህና ሲሆን ነው፤ አፈሩ በሙሉ በታጠበበት ገደል ላይ ተክሎ ማጽደቅ ሌላ ሥራ ነው። ማስታወቂያዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ይህንን ልዩነት ነው። የወጣቱን ድል ለአዛውንቱ ይሸጡታል።

መርፌዎቹ ሲፈተኑ

ለአዛውንቶች በብዛት የሚቀርቡት በቀዶ ሕክምና የሚተከሉ ሕዋሳት ሳይሆኑ በመርፌ የሚሰጡ ናቸው። ከእነርሱም ሁለቱ የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው ከራስ ደም የሚሠራው ነው። ከሕመምተኛው ክንድ ደም ይቀዳል፤ ደሙ በሚሽከረከር መሣሪያ ይጣራል፤ ፕላትሌት የተባሉት ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ክፍሎች የበዙበት ፈሳሽ ተለይቶ ወደ ጉልበት ይሰጣል። ፕላትሌት በቁስል ላይ የጥገና ሥራ የሚያነሣሣ ቅመም ስለሚያመነጭ፣ በጉልበትም ይህንኑ ያደርጋል የሚል ግምት ነበር። በአውስትራሊያ፣ በሲድኒና በሜልበርን፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ 288 ሰዎች ላይ ግምቱ ተፈተነ። ውጤቱም በ2021 ታተመ። ግማሾቹ ይህንን ፈሳሽ፣ ግማሾቹ ደግሞ ተራ የጨው ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ተወጉ፤ ማን ምን እንደተወጋ ሕመምተኞቹ አላወቁም። ከ12 ወር በኋላ፣ ከ0 እስከ 10 በሚቆጠር የሕመም መለኪያ፣ የደሙን ፈሳሽ የተወጉት ሕመም በ2.1 ቀነሰ። የጨው ውኃ የተወጉትም በ1.8 ቀነሰ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአጋጣሚ የማይለይ ነው። ልም አጥንታቸው ሲለካ ደግሞ በሁለቱም ወገን ትንሽ ሳሳ እንጂ አልበቀለም።

ከዚህ ፈተና የምናገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። የጨው ውኃ የተወጉትም ሰዎች ተሽሏቸዋል። ሕመሙ በባሕርይው አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይበርዳል፤ ተስፋና የሐኪም እንክብካቤም በራሳቸው ሕመምን ያቀላሉ። ስለዚህ «እገሌ ተወግቶ ዳነ» የሚል ጎረቤት አይዋሽም፤ ይሁን እንጂ የዳነው በመርፌው ይሁን በሌላ ምክንያት እርሱ ራሱ ሊያውቅ አይችልም። ምስክርነቱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ግንደ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል የሚባለው ነው። ግንደ ሕዋስ ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ እንደሚወጣ ሁሉ ወደ ልዩ ልዩ የአካል ክፍል ሕዋስነት ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። ከመቅኒ፣ ከስብ ወይም ከእትብት ይወሰዳል። በአሜሪካ ተካሂዶ በ2023 ውጤቱ የታተመ ሰፊ ጥናት 475 ሰዎችን መዝኗል። ከመቅኒ፣ ከስብና ከእትብት የተገኙት ሦስቱም ዓይነቶች፣ ከቆየውና ከርካሹ የስቴሮይድ መርፌ ጋር ተወዳደሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመምን በማስታገስ ከስቴሮይዱ የበለጠ አንድም አልተገኘም። በኤም.አር.አይ. ምርመራም ልም አጥንትን መልሶ ያበቀለ አልታየም።

ከፈተና በፊት ለገበያ

ሳይንስ በትዕግሥት ሲመዝን ንግድ አይታገሥም። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በ2017 ኢንቮሳ ለተባለ የጉልበት የሕዋስ መድኃኒት ፈቃድ ሰጠ። ሕዋሳቱ ከልም አጥንት የተገኙ ናቸው ተብሎ ነበር። በ2019 ግን ከመድኃኒቱ ሁለት ክፍሎች በአንደኛው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ምንጫቸው ልም አጥንት ሳይሆን ኩላሊት መሆኑ ታወቀ፤ ፈቃዱም በዚያው ዓመት ተሰረዘ። በዚያን ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መርፌውን ተወግተው ነበር።

በአሜሪካም በ2018 ከእትብት ደም የተዘጋጀ፣ ፈቃድ የሌለው መርፌ በመገጣጠሚያቸውና በጀርባቸው የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ። አደጋው የደረሰው በሦስት የአሜሪካ ግዛቶች ነው። ቁጥጥር የጠበቀ በሚባልበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ቁጥጥር በላላበት ቦታ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ለመራመድ ብሎ የተወጋ ሰው በተመረዘ ጉልበት አልጋ ላይ ሊውል ይችላል።

ስለዚህ ማንም ቤተሰብ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አራት ጥያቄዎችን ያቅርብ። አንደኛ፣ መርፌው በአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለጉልበት ሕመም ተፈቅዷልን? ሁለተኛ፣ ከሌላ መርፌ ወይም ከጨው ውኃ ጋር ተወዳድሮ የበለጠበት ጥናት አለን? ሦስተኛ፣ በጥናቱ የታቀፉት ሰዎች በእናቴ ወይም በአባቴ ዕድሜ የሚገኙ ናቸውን? አራተኛ፣ ሕክምናው ምርምር ከሆነ ሕመምተኛው ስለምን ይከፍላል? እነዚህን ጥያቄዎች ሲሰማ የሚቆጣ ሐኪም ቢያጋጥም፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ተስፋው ግን አልተሟጠጠም

ይህ ሲባል ሐንተር ለዘለዓለም አሸነፈ ማለት አይደለም። በኔዘርላንድ ዩትሬክት ያሉ ሐኪሞች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። የአጥንት ስብራት ያጋጠመው ቁስለኛ በእግሩ ላይ ከውጭ እንደሚታሰርለት ያለ ብረት በጉልበቱ ግራና ቀኝ ያስሩና ሁለቱን አጥንቶች በ5 ሚሊ ሜትር ያህል ያራርቋቸዋል። ሕመምተኛው ብረቱን እንደታሰረ ለሁለት ወር ያህል ይራመዳል። በ2011 የወጣው የመጀመሪያ ጥናት ከ60 ዓመት በታች የሆኑ 20 ሰዎችን የያዘ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ልም አጥንታቸው እንደወፈረ በኤም.አር.አይ. ታይቷል። ጫናው ሲነሣለት ጉልበት ራሱን ለመጠገን የሚሞክር መሆኑን ይህ ያመለክታል። ዘዴው ግን ብረቱ በሚገባበት ቦታ ቁስል ያስከትላል፤ የተሞከረውም በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። በመሆኑም ተስፋው ከምርምር ቤት ገና አልወጣም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

መርፌው እስኪመጣ ወላጆቻችን ቁጭ ብለው መጠበቅ የለባቸውም። ልም አጥንትን መልሶ ባያበቅልም፣ ሕመምን እንደሚቀንስና ሰውን እንደሚያራምድ በብዙ ጥናቶች የተረጋገጠ አንድ ዘዴ በእጃችን ይገኛል፤ እርሱም የጡንቻ እንቅስቃሴ ነው።

ብዙ ሰው «ጉልበቴ አልቋልና ከተራመድኩ ይብሳል» ብሎ ያምናል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የጭን ጡንቻ የጉልበት ምርኩዝ ነው፤ ሰው ቁጭ ባለ መጠን ምርኩዙ ይሰንፋል፤ ጫናው ሁሉ በአጥንቱ ላይ ይወድቃል። ዴንማርክ ይህን ተገንዝባ በ2013 አንድ ፕሮግራም ጀመረች። ሕመምተኞች ስለ ሕመማቸው ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ከዚያም በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት በባለሙያ መሪነት በቡድን ይንቀሳቀሳሉ። ዘዴው ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል።

በቤት ውስጥ ለመጀመር አንድ ጠንካራ ወንበር ይበቃል። እናት ወይም አባት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀስ አድርገው ይዘርጉ፤ አምስት እስኪቆጠር ያቆዩት፤ ይመልሱት፤ በሌላውም እግር ይድገሙት። ቀጥሎም ከወንበሩ ተነሥተው ይቁሙ፤ ቀስ ብለው ይቀመጡ። መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ እየቆየ ደግሞ አሥር ጊዜ ይሁን። በእንቅስቃሴው ጊዜ ጥቂት መታመም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ሕመሙ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ልኩ ትክክል ነው፤ ካልተመለሰ ይቀነስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ለውጡ የሚታየው በሳምንታት ነው።

ውፍረት ላለባቸው ክብደት መቀነስ ሌላው መድኃኒት ነው። በ2005 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰውነት 1 ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ይነሣል። ይህ ምክር ግን ለቀጫጭን አዛውንት አይሠራም፤ እነርሱን ማስራብ ጡንቻቸውን መግደል ነው።

የቤቱን አሠራርም ማየት ይገባል። ዝቅተኛው በርጩማ በከፍተኛ ወንበር ቢተካ፣ ምድጃው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለመሥራት በሚያመች ቦታ ቢደረግ፣ ውኃው በአንድ ትልቅ ጀሪካን ፈንታ በሁለት ትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ቢቀዳ፣ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ምርኩዝ ቢያዝ ብዙ ሥቃይ ይቀንሳል። ፍልውኃም ሆነ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ሕመምን ያስታግሳል፤ ልም አጥንትን ግን አይመልስም። ያበጠ ጉልበትን በኃይል ማሸት ግን ጉዳት ያመጣል። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ጨጓራን፣ ኩላሊትንና የደም ግፊትን ስለሚጎዱ፣ አዛውንቶች ሐኪም ሳያማክሩ በየቀኑ ሊውጧቸው አይገባም።

ጉልበት በድንገት ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ትኩሳት ከተከተለ ወይም ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃተ፣ ይህ የእርጅና ጉዳይ አይደለምና በዚያኑ ዕለት ወደ ሕክምና መድረስ ያስፈልጋል። ሁሉም ተሞክሮ ሥቃዩ እንቅልፍ ከነሣ ደግሞ ጉልበትን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚተካው ቀዶ ሕክምና አለ። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት በሙሉ ከተተኩት ጉልበቶች ከመቶ 82 ያህሉ ለ25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። በአገራችን ይህ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በጥቂት ሆስፒታሎች ነው። አንድ ቤተሰብ ለወላጁ ጉልበት ጥሪት ማውጣት ካለበት፣ ካልተረጋገጠ መርፌ ይልቅ ስለዚህ የተፈተነ ሕክምና ከአጥንት ሐኪም ጋር ቢመክር ይሻላል።

ለወጣቱ ወታደር

በመጨረሻ አንድ ቃል ለወጣቱ የሠራዊት አባል። ጅማቱ የተበጠሰ ወይም በጉልበቱ ውስጥ ያለው ሜኒስከስ የተባለው ትራስ የተቀደደ ሰው፣ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ያህል ዕድል ኦስቲዮአርትራይተስ እንደሚይዘው ተጠንቷል። በ25 ዓመቱ በሥልጠና ወይም በኳስ ሜዳ ጉልበቱ የተጠመዘዘ ወታደር በ45 ዓመቱ ሊያነክስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳትን እንደ ድክመት ቆጥሮ መደበቅ ጀግንነት አይደለም። ያበጠ ጉልበት ለጤና ባለሙያ ይታይ፤ ከጉዳቱ በኋላም የጭን ጡንቻ ወደ ቀድሞ ብርታቱ እስኪመለስ ድረስ እንቅስቃሴው አይቋረጥ። ሚስትም ባሏ «ምንም አይደለም» ሲል እያነከሰ ከሆነ፣ ዓይኗን እንጂ አፉን ትመን።

ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ቤት የሚሄድ ወታደር ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ከፍ ያለ ጠንካራ ወንበር ይዞ ቢገባ፣ የመነሣትና የመቀመጡን ልምምድም አብሯቸው ተቀምጦ ቢያስጀምር፣ ዛሬ በዓለም ላይ ካለው መርፌ ሁሉ የበለጠ የተመሰከረለትን ሕክምና ለወላጆቹ አደረሰ ማለት ነው።